አንገቴን ሲያቀኑኝ

የፕላስተር ሽታ ከእጄ አይለቅም። ጧት ጧት የልጄን ጤነኛ ዓይን እሸፍናለሁ፤ ሸውራራው ዓይኗ ማየት እንዲለምድ ሐኪሙ ያዘዘው ነው። እያለቀሰች እለጥፍላታለሁ። ለእኔ በልጅነቴ እንዲህ ያደረገልኝ ሰው እንዳልነበረ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

እኔም ሸውራራ ነኝ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ፊደል እንቆጥር ነበር። ሁሉም የገበታውን ፊደል በስንደዶ እየነካ ጮክ ብሎ ያነባል። እኔ ፊት ለፊት ሳየው አንዱ ፊደል ሁለት ይሆንብኛል። አንገቴን ወደ ግራ መልሼ በቀኝ ጎን ሳየው ግን አንድ ይሆናል፣ ጥርት ይላል። ማንም አላሳየኝም፤ ራሴ ያገኘሁት ነው።

የኔታ ይህን ንቀት አሉት። አገጬን ጨብጠው ያዞሩኛል።

«አንገትህን አቅና!»

ሲያቀኑኝ ፊደሉ መንታ ይሆናል። ስንደዶዬ ባዶውን ገበታ ይነካል፣ አርጩሜው ይከተላል። ልጆቹም አንዱ ዓይኑ ሽንዲ፣ አንዱ ዓይኑ ጅጋ ገበያ ወርዷል እያሉ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን እናቴ መጥታ እጅ ነሣቻቸው።

«የኔታ፣ ዘወር ካላለ አይታየውም መሰለኝ።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል የቆጠርሽው?»

እንደገና እጅ ነሥታ ሄደች። በዚያው ሳምንት አባቴ ከትምህርቱ አስወጥቶ እርሻ አስገባኝ፤ ሞፈር ለአንገት መጣመም ግድ የለውም ብሎ።

ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ትዳር ይዤ፣ ፍኖተ ሰላም የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው። አስተማሪዋ አንገቴን አየችና፣ «እንደሚመችዎት ይቀመጡ» አለችኝ። ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ አልነበረውም።

በቀደም ልጄን ሳሳይ ሐኪሙ እኔንም አየኝ። አንገቴን የማዞረው ሁለቱ ዓይኖቼ አንድ ነገር ላይ እንዲገጥሙልኝ ነው አለ። የየኔታን ነገር ብነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«መድኃኒትዎን ነዋ የነጠቁዎት።»

የኔታ ሞተዋል። ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ደደብ ነኝ ብዬ ኖሬያለሁ።

ከሐኪሙ ዘንድ ስወጣ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ እቤትም፣ መንገድም፣ ቅዳሴም ላይ ሁልጊዜ በቀኜ በኩል ነበረች። እዚያ ስትሆን አንገቴን ሳላዞር አንዲት ሆና ትታየኝ ነበር። ያኔ ልማዷ መስሎኝ ነበር። አሁን ልጠይቃት ብል የለችም።