ድንኳን የሚተከልበት

አንዳንዱን ነገር አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል። አከራዬ ያረፉት ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ይሁን ከገባ በኋላ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ለለቅሶው ከየቤቱ ሽሮ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ሽሮ ግን በሌላም ጊዜ ይመጣል። ያን ቀን ጋቢ ያለበሰኝን ሰው ሳስብም ሁለት ፊቶች ይፈራረቁብኛል። በዚያ ዓመት በጣም ደክሞኝ ስለነበር ዐይኔ ያየውንና አእምሮዬ የጨመረውን ለመለየት እቸገራለሁ።

በመካነ ብርሃን ማዘጋጃ ቤት የፕላን ባለሙያ ነበርሁ። በከተማ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ ጎንደር ስወርድ ሁለት ዓመት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ትምህርቱ ሲቋረጥና ሲቀጥል፣ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ሁለቱ ዓመት ወደ አራት ተጠጋ። ትምህርት ክፍሉ የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሰጠኝ፤ በዚያ ወቅት የመመረቂያ ጽሑፌን ካላቀረብሁ ያ ሁሉ ዘመን ከንቱ ሊቀር ነው። ባለቤቴ ስትደውል ሰላምታዋ አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ነበር።

«አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«ባለፈውም ሊያልቅ ነበር እኮ» ትለኛለች። ቁጣ የለበትም፤ እንደ እኔው የደከመው ድምፅ ነው።

ጽሑፌ የተከራየሁበትን፣ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለውን ሰፈር ስለ ማሻሻል ነበር። በቤቶቹ መካከል፣ ልክ በመስኮቴ ፊት ለፊት፣ አንድ ሜዳ አለ። መነሻ ካርታው «ባዶ ቦታ» ይለዋል፤ እኔም በየቀኑ የማየው ባዶ አድርጌ ነበር። ልብስ ይሰጣበታል፣ በግ ይታሰርበታል፣ ሌላ ነገር አላየሁበትም። ስለዚህ በፕላኔ ላይ ኮብልስቶን አነጠፍሁበት፤ በአንድ ወገን የሱቆች ረድፍ፣ በሌላው ወገን የባጃጅ ማቆሚያ ሠራሁለት። አማካሪዬ ወደደው። የቀረኝ ማሳተምና ማስረከብ ብቻ ነበር።

አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ከጓሮ ሲመለሱ በሬን በምርኩዛቸው መታ አድርገው «አንተ፣ ያንን ሥዕልህን ጨርስና ሚስትህን ሄደህ እያት!» ይሉኝ ነበር። እኔ የመጨረሻዎቹን ካርታዎች ሳስተካክል ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ባነጋሁበት ማለዳ አረፉ። ከቀብር ስንመለስ እድርተኛው ሜዳው ላይ ድንኳን ጥሎ ጠበቀን። ገብቼ ከዳር በተነጠፈ ሳጠራ ላይ ተቀመጥሁ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሰው ድምፅ ነው።

«ምነው ይህ ልጅ? ልጆቿ እንኳ እንዲህ አልወደቁ።»

«ተውት፣ እንደ እናቱ ነበረች። ሐዘን ነው የጣለው።»

«ሐዘን እንዲህ ያንኮራፋል እንዴ?» አለ ሦስተኛው፤ ሳቅ በነጠላ ጫፍ ታፍኖ ሲያልፍ ሰማሁ።

ሳጠራው ላይ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ፤ በላዬ ጋቢ አለ። ወዲያው መነሣት አሳፈረኝ። ዐይኔን ገልጬ የድንኳኑን ጣሪያ ማየት ጀመርሁ። እንደ ልማዴ የሸራውን ስፌቶች ቆጠርሁ፤ አንዱ የሸራ ቁራጭ ይህን ያህል ይሆናል ብዬ ገምቼ የድንኳኑን ርዝመትና ወርድ በልቤ አሰላሁ። ወይም ይህን ሁሉ በእንቅልፌ አየሁት።

በአጠገቤ ሽማግሌዎቹ ወሬ ቀጥለዋል። ማዶ ያለው ሰፈር ኮብልስቶን ከተነጠፈለት ወዲህ ካስማ የሚመታበት አፈር አጥቶ ድንኳኑን በአሸዋ ጆንያ እንደሚያስር አንዱ ይናገራል።

«በቀደም ዕለት ነፋስ ተነሣና ድንኳኑ ከነምሰሶው ለቀስተኛው ላይ ወደቀ። አልቃሿ ከሸራው ሥር ሆና ‹ኧረ ገና አልጨረስሁም!› ትላለች አሉ።»

«መንገዱስ ሸጋ ነው፤ ጭቃ የለ።»

«ሸጋ ነው። መሞት ከተዉ ሸጋ ነው።»

ተነሥቼ ተቀመጥሁ። የእድሩ ዳኛ፣ እኒያ ሲስቁም ፊታቸው የማይፈታ ሽማግሌ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«ነቃህ? አንተስ በምትሥለው ላይ ይህ የተኛህበት ሜዳ ምን ተብሏል?»

«ባዶ ቦታ፣ አያ።»

«ማን አለው?»

«ካርታው።»

«እንግዲያ ካርታው ለቅሶ ደርሶ አያውቅም» አሉና ውኃ እንዲሰጡኝ በእጃቸው ምልክት አደረጉ።

ያን ወሬ ባልሰማሁት ብዬ የተመኘሁ ይመስለኛል። ሜዳውን አፈር አድርጌ ከተውሁት ሱቆቹ ይወጣሉ፤ ሱቆቹ ከወጡ የፍሳሽ መስመሩ ይቀየራል፣ ወጪው ይቀየራል፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደ ገና ይጻፋል። ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው። እንዳለ ባስረክበው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ነገር ግን ላፕቶፑን ከፍቼ ሱቆቹን ባየኋቸው ቁጥር አከራዬን ከድንጋይ ላይ ስንሸኛቸው ይታየኝ ጀመር። በሣልስቱ ማግሥት አንድ በአንድ ሰረዝኋቸው፤ ሜዳውንም ቡናማ ቀለም ቀባሁት።

አማካሪዬ ካርታውን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህ ቡናማ ምንድን ነው? በቀለም መፍቻው ላይ እንዲህ ያለ የመሬት አጠቃቀም የለም።»

«የለቅሶ ድንኳን የሚተከልበት ነው።»

«ያለቀ ሥራ በማስረከቢያህ ሰሞን ታፈርሳለህ? ደክሞሃል። ሂድና ተኛ።»

«የተኛሁትስ እዚያው ነው» አልሁት። ቀልድ መስሎት ነበር። የሆነውን ስነግረው ግን ፈረመ፤ «ፈታኙ ቢጥልህ እኔን እንዳትወቅስ» ብሎ።

ጽሑፉን በቀኑ አደረስሁ፤ እንዴት እንዳደረስሁት ግን ብጠየቅ መናገር አልችልም። ጽሑፌን በተከላከልሁበት ዕለት የውጭ ፈታኙ በዚያው ቡናማ ላይ ብዕሩን አሳረፈ። «ሜዳው ይበቃል ብለሃል። የድንኳኑ ስፋት ስንት ነው?»

አልለካሁትም ነበር። በጽሑፉ ውስጥም አልነበረም። «አሥራ ሁለት ሜትር በስድስት» አልሁ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። ፈታኙ አንገቱን ነቅንቆ ጻፈና ወደ ሌላ ጥያቄ ተሻገረ። አለፍሁ፤ ውጤቱ የሚያኮራ አይደለም። ለባለቤቴ ደውዬ «አለቀ» አልኋት።

ያ ቁጥር ግን አብሮኝ ሰነበተ። በማዘጋጃ ቤት ወንበሬ ተቀምጬ እንኳ ስፌቶቹን የእውነት ቆጥሬያቸው ነበርን ወይስ ማለፍ ስለፈለግሁ ፈጠርኋቸው እያልሁ እጠይቅ ነበር። ክረምት እንደ ወጣ ለሥራ ጎንደር ስሄድ ወደ ድሮ ሰፈሬ ጎራ አልሁ። እድርተኛው ዝናብ የመታውን ድንኳን በዚያው ሜዳ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ያስመታዋል። ከቦርሳዬ ሜትር ሳወጣ የእድሩ ዳኛ አንደኛውን ጫፍ ያዙልኝ።

«ምነው፣ ዲግሪህን መልሰው ሊወስዱብህ ነው?»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው፣ አያ።»

ሸራውን በርዝመቱ ለካነው፤ ዞረን በወርዱ ለካነው። አሥራ ሁለት ሜትር በስድስት ነው።