ስሟ የማይጠራ ቅጠል

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። ቦሌ ቡልቡላ ያኔ ገና ግማሹ እርሻ ነው፤ ሰፈሩ ሲጨልም እኔና ታናሽ ወንድሜ ናቲ በቁጥቋጦው አጥር ሾልከን ጎረቤታችን አባባ ሰይድ ዘንድ እንሄዳለን። ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የከሰሉን ፍም እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ሁልጊዜ ስለ አንዲት ቅጠል ያወሩልናል፤ ሰው ሲተኛ ደጅ ላይ ዘብ ስለምትቆም፣ የንጉሥን ልጅ ከሳል ስለፈወሰች ቅጠል። ስሟን ስንጠይቃቸው ይቆጣሉ።

«ስሟ ከተጠራማ መድኃኒትነቷ ረከሰ። አርፋችሁ ስሙ።»

ተረት ብቻ አልነበረችም። የናቲ ደረት ሲታፈን በብልቃጥ የሚልኩለት ዱቄት ከእሷ የተደቆሰ ነበር፤ እውነትም ይቀለው ነበር።

አንድ ክረምት አባቴ ቁጥቋጦውን አስነቅሎ የብሎኬት አጥር አሠራ። አባባ ሰይድ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «ባይነቀል አይሻልም?» አሉ። አባቴ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ዱቄቱን በለመነቻቸው ቁጥር መልሳቸው «አልቋል፣ ልጄ» ብቻ ሆነ።

«ለልጄ ነፈጉኝ» አለች እማዬ። የቀረችውን ቁንጥር ለክፉ ቀን ብላ ቆለፈችባት፤ እኛንም እዚያ ቤት እንዳንረግጥ ከለከለችን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ እነሱ ግን እንደተኳረፉ አባባ ሰይድ ሞቱ።

አሁን ቤተ ሙከራ ነው የምሠራው፤ ቅጠል ውስጥ ያሉትን አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እለያለሁ። ዘንድሮ እማዬን አስፈቅጄ ያችን ቁንጥር ወሰድኩ። ዱቄቷን ዘፍዝፌ ጭማቂዋን ከታወቁ ቅጠሎች ጭማቂ ጎን መመርመሪያው መስታወት ላይ አንጠባጥቤ ቀለም የሚያወጣውን መለያ ፈሳሽ ስረጭበት፣ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፤ ከአንደኛው ቅጠል ጋር ልክ በልክ ገጠሙ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ነው። ሰንሰል ነበረች፤ ያ ያስነቀልነው የአጥራችን ቁጥቋጦ።

ለእማዬ ስነግራት ወደ ብሎኬቱ አጥር ዞረች። «ታዲያ ምናለ ቢነግሩኝ?» አለች። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ስሟን ከጠሩ ዳግመኛ ናቲን አታድነውም ብለው ያምኑ ነበር። ደጅ ላይ ዘብ የምትቆም ሲሉንስ ስንት ምሽት ሰምተናል። ይቆጨኛል። እሳቸው ለናቲ ብለው ዝም አሉ፤ እኛም ለናቲ ብለን አኮረፍናቸው።