የምንደበቅበትን እርሻ የሚጠራው ዘፈን

ዛሬ ረፋድ ላይ መኪና ስንሰማ እንደልማዳችን ማሽላው ውስጥ ተኛን። መኪናው ውስጥ የሚዘፍነው ሰኢድ ነበር። እርሻው ላይ አብሮኝ የሚሠራው ሰኢድ ደግሞ አጠገቤ ተኝቷል።

ያለነው ዓረብ አገር፣ ባይሽ በኩል ነው። ከጎረቤት አገር ጋር ያለው ጦርነት ድንበሩ ላይ ከበረታ ወዲህ፣ ወረቀት የሌለን ሰዎች ለመኪና ድምፅ ሁሉ እንተኛለን።

ደግነቱ የመጣው ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ ሳይሆን ኢቃማ (መኖሪያ ፈቃድ) ያለው ያገራችን ልጅ ነው። «አገር ቤት የወጣ አዲስ ዘፈን ነው» አለን። ዘፋኙ ብሎ የነገረን ስም ግን የሌላ ሰው ነው።

ዘፈኑ ሰኢድ ለዒድ ሲጫወት በስልክ ተቀድቶ ሲዞር የነበረ ነው። የወሎ ልጅ አገር ሳይጠራ አይዘፍንምና፣ ይኼን እርሻ ከነአሠሪያችን፣ ከነከፊላችን ስም አወድሶታል።

ደንግጬ አገር ቤት ወዳለ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ደወልኩ። ያነጋገረኝ ሰውዬ ትሁት ነው።

«ማኅበሩን ያቋቋምነው ድሮ ካሴት ቤቶች አንዱ የሌላውን እየገለበጠ ሲሸጥ ነው። ከኢንተርኔት እናስወርደዋለን፤ ግን ባለቤቱ በእውነተኛ ስሙ ቀርቦ የትና መቼ እንደዘፈነው ይንገረን» አለኝ።

ያለንበት እንዳይታወቅ ያለንበትን እንናገር ማለት ነው።

ለሰኢድ ነገርኩት። «ኸላስ፣ ተወው። ያ ሌባ የኔ ነው ካለ ሹርጣም እሱን ይፈልገው» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

(ሰኢድም ስሙ አይደለም። ዘፈኑ ውስጥ ግን እውነተኛው ስሙ አለ።)

የራሳችሁ ድምፅ አስደንግጧችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ። መልስ ካዘገየሁ ሌላ መኪና መጥቶ ነው።