ተነሺ

ልማት የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር የምትሰጋ አስተርጓሚ ካለች እሷ ናት። ክፋቱ ደግሞ መተዳደሪያዋ ይኸው ቃል ነው። ወጣትነቷን ሙሉ በጠባብ የመስታወት ክፍል ተቀምጣ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የሊቃውንቱን ንግግር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ስትመልስ ኖራለች። ስለ አፍሪካ ነገ በእሷ አፍ ያልተባለ የለም። የራሷን ነገ ግን ማን ይንገራት?

በቀደም ሰዎች መጥተው የእናቷን በር ቀይ ቀለም ቀቡት። ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል፣ እርስዎም ከእንግዲህ የልማት ተነሺ ነዎት አሏት እናቷን። ወዴት እንደምትሄድ ስትጠይቃቸው «ይነገርዎታል» ብለው ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዋ የደከመው እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትርበተበታለች። ልጅቱም ሥራ ላይ ስልኳ ሲጮህ «በቃ፣ አፈረሱት» ትላለች በልቧ።

በሩ በተቀባ ሰሞን ስለ አፍሪካ ልማት በተጠራ ስብሰባ ላይ ሁለት ተናጋሪዎች ነበሩ። ጎልማሳው የምጣኔ ሀብት ምሁር፣ መንገድና ፋብሪካ ከሌለ ነገ የሚባል ነገር የለም፣ ለዚያ ደግሞ የሚነሳ ሰው መኖሩ አይቀርም አለ። አልዋሸም፤ እሷም ወደ ሥራ የመጣችው በአዲሱ መንገድ ነው። ሽማግሌው ፈላስፋ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ልማት ሰውን ከነጎረቤቱ ወደ ነገ ማሻገር ነው። ሰውየውን መሀል መንገድ ጥለነው ከሄድን፣ ደረስን የምንለው እነማን ነን?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለው እጃቸውን ዘርግተው አፍሪካን እንደ ሴት ልጃቸው ጠሯት፤ ከተኛችበት እንድትነቃ፣ እንድትቆም።

በአማርኛ ትርጉሙ «ተነሺ» ነው። በሩን የቀቡት ሰዎች ቃል። ምላሷ ጫፍ ደርሶ ቀረ።

አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ ማይኩን ዘግቶ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «በይ እንጂ፣ ጠፋብሽ እንዴ?»

ማይኩን ከፈተችና፣ «አፍሪካ፣ አይዞሽ» አለች።

አዳራሹ አጨበጨበ። ባልደረባዋ ሳቁን አፈነ። እሷን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

ስብሰባው እንዳለቀ እየሮጠች ሰፈር ደረሰች። ቤቱ እንደቆመ ነው። ተመስገን ብላ አንኳኳች፤ መልስ የለም። ደግማ በኃይል አንኳኳች። ውስጥ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማች፣ ከዚያ ጭጭ አለ። ወድቃ ይሆን? እናቷ ከሰዓት በኋላ ጋደም ማለት ትወዳለች፤ ልጅቱም ከድሮ ጀምሮ የምትቀሰቅሳት በአንድ ቃል ነው። ድንጋጤው ሲብስባት፣ ቀን የሸሸችው ቃል ሳታስበው አመለጣት።

«እማዬ! ተነሺ!» ብላ ጮኸች።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እናቷ ጫማዋን ተጫምታ፣ ፍራሿን ጠቅልላ በገመድ አስራ ቆማለች። አንገቷን ደፍታለች፤ ቀና ብላ ማን እንደመጣ አላየችም።

«ተነስቻለሁ» አለች። «ልጄ ከሥራ እስክትመጣ ብቻ ታገሱኝ።»