የትሎቹ ጠባቂ

የበርበሬ ነጋዴዋ ሉባባ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሳፈር፣ አጠገቧ ጫማው አቧራ የማያውቅ ጎልማሳ ተቀምጧል። ሥራውን ጠየቀችው።

«ሰው ለምን እንደሚያረጅ ለማወቅ ደቃቅ ትሎችን አጠናለሁ። የተጎዳ ዲኤንኤያቸው እንዲጠገን አድርገን ዕድሜያቸውን በእጥፍ አራዝመናል» አላት፣ ልጅ እንደዳረ ሰው ኮራ ብሎ።

ሉባባ በቀለም ከጠቆረው ፀጉሩ ሥር ብቅ ብቅ ያለውን ሽበት አየችና፣ «አልሐምዱሊላህ፤ የትል ዕድሜ ማጠሩ እኛንም እንቅልፍ ነስቶን ነበር» አለች።

እሱ አልሳቀም። ማንኩሳ ሲቃረቡ ከሻንጣው ነጠላ አወጣና ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቆ ለበሰው። ሉባባ አፏን በሻሿ ያዘች።

«ማን ሞተብዎ?»

«እናቴ። ዓይንህን ሳላየው እንዳልሞት ና ብላኝ ነበር። ትሎቹን የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁ።»