ልጄ አልባለገችም

መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። በማግስቱ ሌላ። ሐያት ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ረጋ ያለች ልጅ ናት፣ ዕቃ ሰብራ አታውቅም። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጇ ሳታዘው ይወራጭ ጀመር። ትከሻዋ ይነቀነቃል፣ ፊቷ ሳትፈልግ ይጨማደዳል። እንቅልፍ ሲወስዳት ሁሉም ጸጥ ይላል፤ ስትነቃ ይመለሳል።

እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጃችንን የማሳድገው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በሄድኩበት ሁሉ እንደ ጥፋት ስለተቆጠረብኝ ነው።

መምህሯ "አፏን እያጣመመች ታሾፍብኛለች" ብሎ ክፍል ፊት አንበረከካት። ጉልበቷ ተልጦ ቤት መጣች። "አባዬ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው" አለችኝ። ትምህርት ቤት ሄድኩ።

"እናቷ ትምጣ" አለኝ መምህሩ።

"እናቷ ዐረብ አገር ናት። አባቷ እኔ ነኝ። ልጅቷ ታማለች።"

"ከታመመች ያሳክሟት። ሥርዓት እስክትይዝ ግን ክፍል አትገባም።"

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተረኛው ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ እጇን እንኳ ሳይነካ፣ "የእናት ናፍቆት ነው" ብሎ ቫይታሚን አዘዘ። የጠባይዋን ነገር ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋገሩ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ትምህርት ቤት ይልከናል። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የምንመላለስበት ግን እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አንዱ ሌላውን ደውሎ የጠየቀ የለም።

ባሰባት። ማንኪያ መያዝ አቃታት። አጎረስኳት። አንደበቷ ተኮላተፈ። አንድ ቀን ከቆመችበት ወደቀች። ጎረቤት "ጂን ነው" አለ። ሰማች። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣም አለች።

አዝያት ሆስፒታል ገባሁ።

ወጣቱ ሐኪም ምላሷን እንድታወጣ፣ ሁለት ጣቶቹንም ጨብጣ እንድትቆይ ነገራት። ምላሷ ወጥቶ አልቆይ አለ፤ ጭብጧ ይጠብቃል፣ ይላላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ከወራት በፊት ጉሮሮዋን ታማ ነበር?"

ታማ ነበር። ክረምት ላይ። በራሱ ለቀቃት።

"ሲደንሃም ኮሪያ ይባላል" አለኝ። "የሪዩማቲክ ፊቨር አንዱ መልክ ነው። የጉሮሮውን ኢንፌክሽን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነቷ መከላከያ ተሳስቶ አንጎሏን ነክቶታል። ልጅቷ አልባለገችም። ይለቃታል፤ በሽታው ልብንም ስለሚነካ ግን ልቧን ማየት አለብን።"

ኮሪያ ሲል አገሩ መስሎኝ ግራ ተጋባሁ፤ ሳይሰለች ደጋግሞ አስረዳኝ። አለቀስኩ። የደስታ እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር!

ደሴ ሄደን ልቧ ኤኮ በሚሉት የልብ ማያ መሣሪያ ታየ፤ አንዱ ቫልቭ፣ የልቧ በር ማለት ነው፣ ደም በጥቂቱ ያፈስሳል። እንዳይብስ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ትወጋለች፤ ይህም ለዓመታት ይቀጥላል።

ሐኪሙ ከወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ጋር አገናኘኝ። ሴትየዋ "ከእንግዲህ ብቻዎን አይመላለሱም" ብላ ርእሰ መምህሩን፣ መምህሩን፣ ከጤና ጣቢያው አንዲት ነርስና እኔን አንድ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠችን።

መምህሩ "መታመሟን ማን ነገረኝ?" አለ።

"እኔ!" አልኩ። ድምፄ ግቢውን ሞላው። ርእሰ መምህሩ ሊያስቆመኝ ሲል ሴትየዋ "ይናገሩ፤ አባት ናቸው" አለችው።

ያን ቀን በተስማማነው መሠረት ሐያት እጇ እስኪረጋ ድረስ ፈተናዋን በቃሏ መለሰች፣ በመርፌ ቀኗ ያለ ጭቅጭቅ ከክፍል እየወጣች ተወጋች፣ ነርሷም ከመርፌው የቀረች ሲመስላት እየደወለች ታስታውሰኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መወራጨቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት፣ ንግግሯ ጠራ፣ ዘይነባም በስልክ ቪዲዮ ልጇ ፀጉሯን ራሷ ስትጎነጉን አይታ "አልሐምዱሊላህ" እያለች ሳቀች።

ሐኪሙን፣ ነርሷንና ያቺን ሴት አላህ ይጠብቅልኝ። እናንተ አሁን በዚህ ውስጥ ያላችሁ፣ አብሽሩ። የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ዛሬውኑ አሳክሙ። ተሻላት ብላችሁ መርፌውን አታቋርጡ። የበሽታውን ስም ጠይቁ፤ ካልገባችሁ ድገሙልኝ በሉ። አክስትም ሁኑ አያት፣ የምታሳድጉት እናንተ ከሆናችሁ "እናቷ ትምጣ" ሲሏችሁ ተነሥታችሁ አትውጡ። ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱ እንዲነጋገሩ ጠይቁ፤ ሥራቸው ነው፣ ውለታ አይደለም።

መምህሩ በኋላ ሱቄ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል። ሐያትን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቃትም። የተንበረከከችው እሷ ናት።