ስሜነሽ ስትደርስ እኔ የለሁም

ስሜነሽ በደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር የነጠላና የጋቢ ጫፍ ትቋጫለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏት። ባልም ነበራት፤ ዱላው ሲበዛባት ጥላው ወጣች። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በዲማ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ልጃቸው በቁርባን ያገባችውን ባል ትታ ከወጣች ጀምሮ መርቀዋት አያውቁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እየሄደች ትጠይቃቸዋለች፣ ጉልበታቸውን ትስማለች፤ እሳቸው ዝም ይላሉ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ፤ ራሴን አላምነውም።

ሩጫ የጀመረችው ሐኪም ስኳር አለብሽ ካላት በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት በሱሪ ላይ ቀሚስ ደርባ ስትሮጥ የሳቀባት ብዙ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ከይጁቤ እስከ ማርቆስ የሚደረግ ሩጫ ሲዘጋጅ የኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ ለመመዝገብ እኔ ዘንድ መጣች።

«ትችይዋለሽ?» አልኳት እየሳቅኩ።

«እንጃ፣ ጋሼ ምናለ። አባቴ ግን ሰሞኑን ስለ ሩጫው ብነግራቸው፣ አንድ ነገር እንኳ ጀምረሽ ከጨረስሽ እዚያው ቆሜ እመርቅሻለሁ ብለውኛል» አለች።

ሩጫው እሑድ፣ ታኅሣሥ 12 ዋለ። በ12 የሚካኤል ማኅበር አለን፤ የዚያን ዕለት ጽዋውን የምረከበው ተረኛ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ተረኛው ጠፍቶ በር በሩን ሲያይ አስቡት። የሩጫው መዝጊያ ስምንት ሰዓት ነው ብለን አውጀናል። ሰባት ሰዓት ሲሆን የመድረሻውን ባነር ጠቀለልኩት።

መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ስሜነሽ የምትባል ቀረችሳ» አሉኝ። መልስ ካልሰጠኋቸው አይለቁኝም። «አቋርጣለች፣ የኔታ። ኋላ የሚከተለው መኪና አንሥቷታል» አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም አልነገረኝም። አዛውንቱ አመሰገኑኝ። አመሰገኑኝ፣ ይታያችሁ! ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔም በባጃጅ በርሬ ማኅበሬ ደረስኩ፣ ጽዋዬን ተረከብኩ፣ ተመረቅኩም።

ስሜነሽ የደረሰችው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን የነገረችኝ ጭማቂ ሻጯ መሲ ናት። «መጨረሻው የት ነው?» እያለች ሰው ስትጠይቅ፣ መሲ አስፋልቱ ላይ የቀረውን የኖራ መስመር አሳየቻት። ግማሹን ባጃጅ አጥፍቶታል። ተሻገረችውና ቆመች፤ ወዲያና ወዲህ አየች። አባቷን ነበር የምትፈልገው።

በሳምንቱ ሰኞ ቢሮዬ መጣች። በዝርዝሩ ላይ ከስሟ ትይዩ «አቋርጣለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ያን ማረም ማለት ከሰዓቱ በፊት ጥዬ መሄዴን ማመን ነው። «ኮሚቴው ሲሰበሰብ እናያለን» አልኳት። በሚቀጥለው ሰኞም መጣች፤ በሦስተኛውም። አልጮኸችም፣ ለማንም አልከሰሰችኝም። «እንዴት አደሩ» ብላ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና የሰው ነጠላ ትቋጫለች። በሰባተኛው ሰኞ ንዴቴ መጣ። ጥፋቱ የኔ፣ ተቆጪውም እኔ!

«አንቺ ሴትዮ፣ አይደክምሽም?»

«እንዴት አይደክመኝ» አለች ክሩን ከጣቷ ሳትለቅ። «የዚያን ቀንም ገና ግማሹ ላይ ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን በድካሜ ነው የመጣሁት።»

በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ስለ ጽናት ስደሰኩር የኖርኩ ሰው ነኝ። አፈርኩ። ወረቀት አወጣሁ፤ ሰዓቱ ሳይደርስ መሄዴን፣ እሷ መጨረሷን ጽፌ ማኅተም መታሁበት። «ለአባትሽ እኔው ልውሰደው» አልኳት። ፊቴን አየችና እሺ አለች።

ዲማ ስደርስ መሪጌታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማኅበሩን፣ ጽዋውን፣ ውሸቱን። ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝም ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ሳያነቡት ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እሷማ በማግስቱ ነግራኛለች» አሉ። «እግሯ አብጦ፣ እያነከሰች እዚህ ድረስ መጥታ፣ ጨርሻለሁ አባ አለችኝ።»

«ታዲያ?»

«ደግሞ መዋሸት ጀመርሽ ብዬ አባረርኋት። ያመንሁት አንተን ነው።»

እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«ና፣ እንሂድ። መጀመሪያ ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ፤ አንተ ከኔ ኋላ ትቆማለህ።»